የልጄ ቅልጥም ሲፈተን

እዚህ ባሕር ማዶ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ሴትዮ አሉ። እሁድ እሁድ አምልኮው እንዳለቀ የስምንት ዓመት ልጄን ከልጅ ልጃቸው ጋር ጀርባ ለጀርባ ያቆሙና፣ መዳፋቸውን በልጆቹ አናት ላይ እያሳለፉ፣ «ምነው፣ ይቺ ልጅ ዘንድሮም እዚያው ናት?» ይላሉ። እኔ ፈገግ እላለሁ። ውስጤ ግን እርር ይላል፤ ምን አጉድዬባት ይሆን እያልኩም እጨነቃለሁ።

ስለዚህ በማደግ ላይ ያሉ ልጆችን አጥንት በምስል የሚያጠኑ ሰዎች ልጅሽን ታሳትፊያለሽ ወይ ሲሉኝ፣ እሺ ያልኩት ለሳይንስ ብዬ አይደለም። የሴትዮዋን አፍ የሚዘጋ ማስረጃ ፈልጌ ነው። ጥናቱን እንደ ፈተና ቆጥሬ ሳምንቱን ሙሉ አዘጋጀኋት፤ ጠዋት አጥሚት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብሽ፣ ማታ የቅልጥም መረቅ።

«ማሚ፣ አይ አም ፉል» ትለኛለች።

«አንቺ ጠግበሽ ይሆናል፤ አጥንትሽ ገና ነው» እላታለሁ።

ቀኑ ደርሶ ሴንት ፖል ከተማ፣ ጥናቱ ወደሚካሄድበት ክሊኒክ ወሰድኳት። ባለሙያዋ የልጄን እግር ማቀፊያ ውስጥ አስተኝታ ወደ ማሽኑ አስገባችውና፣ ከተንቀሳቀሰች ምስሉ እንደሚበላሽ ነገረቻት። እኔ ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ ጸሎት ጀመርኩ። ስጸልይ ደግሞ ዝም ብሎ መቆም አይሆንልኝም፤ እጄ ይወናጨፋል፣ ወገቤም ይከተላል። ልጄ አየችኝና ሳቋን አፈነች። የታፈነው ሳቅ ወደ ሆዷ ወረደና የሳምንቱን አብሽ በድምፅ አስወጣው። ከዚያ በኋላ ማን ይንቀሳቀስ ማን አይንቀሳቀስ የሚለይ አልነበረም፤ ባለሙያዋ ራሷ ጠረጴዛ ይዛ ትስቅ ነበር።

አንዴ ብቻ መድገም ይቻላል ተባለ። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ እንዳዞር ታዘዝኩና እንደ ረባሽ ተማሪ ቆምኩ። ሁለተኛው ምስል ጥርት ብሎ ወጣ።

«አለፈች?» ብዬ ጠየቅኩ።

ባለሙያዋ ጥናቱ የብዙ ልጆችን የአጥንት እድገት ለማወቅ እንደሆነና ለማንም ልጅ ውጤት እንደማይሰጡ በትሕትና አስረዳችን። ያን ሁሉ ቅልጥም የቀቀልኩት በከንቱ ነበር።

በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ከባቡሩ ጎን በመኪናችን እየተጎተትን ስንመለስ፣ ልጄ ከኋላ ወንበር፣ «ማሚ፣ ፓስ አደረግሁ? ኦር አም አይ ቱ ስሞል?» አለችኝ።

እንባዬ መጣ። የሴትዮዋ ነገር የሚያንገበግበው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ምንም አልጎደለሽም፣ የኔ ዓለም። ልክሽ ይኸው ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና፣ «ሶ፣ ኖ ሞር አጥሚት?» አለች። ተስማማን።

እሁድ ሴትዮዋ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ዘርግተው መጡ። ልጄ ቀድማ እጇን አነሳች።

«እማማ፣ ዶንት ሙቭ። አጥንትዎን ስካን እያደረግሁ ነው።»

ሴትዮዋ ትንፋሻቸውን ውጠው ቀጥ አሉ። ልጄ ዙሪያቸውን ዞረች፣ ጎንበስ ብላ ቅልጥማቸውን አየች፣ ቀና ብላ አናታቸውን አየች።

«እሺ፣ እንዴት ነኝ?» አሏት፣ እውነትም ሰጋ ብለው።

«ሶሪ እማማ፣ ለማንም ሪዘልት አንሰጥም» አለቻቸውና ልትጫወት ሮጠች።