ወጨፎ

መስኮቱን ዘግቼ እስክመለስ ወጨፎው ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ረቂቅ አርሶታል። የራሰው ገጽ አርታኢው «ወጨፎ» የሚለውን ቃሌን ሰርዞ በቀይ «ዝናብ» ብሎ የጻፈበት ነው። ትናንት በስልክ ስጠይቀው «የአገር ቤት ቃል ነው፤ አንባቢ አይገባውም» አለኝ። ነፋስ እየገፋ ቤት የሚያስገባውን ዝናብ የማያውቅ አንባቢ የት አገር ነው ያለው?

ይኼው የራሰው ገጽ የሚያወራው ስለ ልጅነታችን ክረምት ነው። ደብረ ታቦር፣ ከገበያው ጀርባ ተከራይተን ስንኖር፣ አከራያችን አያ አስማረ የበረንዳችንን ቆርቆሮ ነቅለው ለሱቃቸው አዋሉት። በማግስቱ ዝናቡ ከነፋስ ጋር በበሩ ስንጥቅ ገብቶ እኔና ታናሽ እህቴ የምንተኛበትን ቁርበት አበሰበሰው። የእርጥብ ቁርበት ሽታ ዛሬም ካፍንጫዬ አልጠፋም። እናቴ ቁርበቱን እንዳለ ተሸክማ ሱቃቸው ሄደች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት።

«ምን ላድርግሽ ልጄ? ዝናብ እንደሁ የእግዜር ነው» አሏት፣ ከባንኮኒው ሳይነሱ።

እናቴ አንቱታዋን ሳታጎድል መለሰችላቸው። «ዝናቡስ የእግዜር ነው። ወጨፎው ግን የአንቱ ነው።»

ውሃ ደግሞ እንዴት ባለቤት ይኖረዋል ብዬ ገረመኝ። ቆርቆሮው አልተመለሰም። እህቴንም ክረምቱን ሙሉ ሲያስላት ከረመ።

ረቂቁን በፎጣ አደራርቄ ለአርታኢው ደወልኩ።

«ቃሌን መልስ» አልኩት። «ዝናብ ካልክልኝ አያ አስማረን ነጻ አወጣሃቸው።»