ሰላምታውን የዋጠው ፉጨት

ለአሮጌዋ ኮሮላዬ ሱፐርቻርጀር ላስገጥም ወልድያ ጋራዥ ገባሁ። ሞተሩ ውስጥ አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ ነው። መካኒኩ ሁለት ዓይነት አሳየኝ። አንዱ ድምፁ እምብዛም አይሰማም፤ ሌላው ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር ያፏጫል።

«መንገዳችን ሰውና ከብት የሞላበት ነው፤ ዝምተኛው ይሻልሃል» አለኝ።

መምጣቴን አገር ካልሰማ ምኑን ገጠምሁት ብዬ የሚያፏጨውን መረጥሁ። ሞኝ ነበርሁ።

አባቴን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መርሳ ገበያ የማደርሳቸው እኔ ነበርሁ። እሳቸው መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ መንገድ ዳር ያዩትን ዘመድ ወዳጅ ሁሉ በየስሙ እየጠሩ ሰላም ሳይሉ አያልፉም። ዕቃው ከተገጠመ በኋላም ልማዳቸውን አልተዉም።

«ቀስ በል እንጂ ልጄ፣ ሰዉ እኮ አልሰማኝም» ይሉኛል።

«አባዬ፣ መልሱን ስንመለስ ይቀበላሉ» እልና ነዳጁን እረግጠዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ትንሽ ታመው አረፉ። ለቅሶ ሊደርሱ በመርሳው መንገድ ላይ ካለችው ከሲሪንቃ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎኔ ተቀምጠው ቆዩና እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አባትህን ምን አስቀይሜያቸው ነው? ያን ሰሞን ደጄ ላይ በመኪናህ ሲያልፉ ሰላም እንኳ አላሉኝም።»

አባቴ ሰላም ብለዋቸው ነበር። ከመስኮቱ ወጣ ብለው ስማቸውን ሁለት ጊዜ ሲጠሩ፣ እኔ መሪ ይዤ ሰምቻለሁ።