ለዶክተሯ ያልነገርኳት ሥር

መጀመሪያ ያዩት እዚህ ሮም የማስታምማቸው አሮጊት ሲኞራ ናቸው። መስኮት ስከፍት «ዓይንሽ ቢጫ ሆኗል እኮ» አሉኝ። ሽንቴም የሻይ ቀለም ከያዘ ሰንብቷል፤ ድካም ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ይልቅ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ለሚኖሩት፣ እንደ እናቴ ለማያቸው ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። «የወፍ በሽታ ነው፤ ሐኪም አያውቀውም» አሉና ኤስኲሊኖ ካለ የህንድ ዕቃ መደብር ኩትኪ የሚባል የሥር ዱቄት ገዝተው መጡ። ህንዶች ከጥንት ጀምሮ ለጉበት የሚወስዱት ነው። ምሬቱ አይጣል ነው! «ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል» ብለው አስማሉኝ።

ሳምንት ጠጣሁ። ባሰብኝ። ሆስፒታል ገባሁ።

«ሄፓታይተስ ኤ ነው» አለች ዶክተሯ፤ «ግን እንዲህ መክፋት አልነበረበትም። ሌላ የወሰድሽው ነገር አለ?»

ሦስቴ ጠየቀችኝ። ሦስቴም ካድኩ። እሷ ስትወጣ ከትራሴ ሥር የደበቅሁትን የዱቄት ፓኬት ይዤ መታጠቢያ ቤት እገባና እጠጣለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ጅሏ መድኃኒቱን ደበቅሁ።

ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ደሜ ውስጥ ጨመረ። የእናቴ ስም ጠፋኝ።

«ጉበቷ ሥራ እያቆመ ነው። ትራፒያንቶ ያስፈልጋታል፤ የሌላ ሰው ጉበት» አለች ዶክተሯ።

እትዬ አስካለ አልጋዬ አጠገብ ቆመው ነበር። ይህን ሲሰሙ ከትራሴ ሥር ፓኬቱን አውጥተው እጇ ላይ አስቀመጡላት። «ይርከስ! ልጄ ብቻ ትትረፍልኝ!»

ዱቄቱ ተመረመረ። «ይሄ ኩትኪ አይደለም» አለችን። «እውነተኛው ኩትኪ የሂማላያ ተራራ ላይ ነው የሚበቅለው። ከነሥሩ እየነቀሉ ሊያጠፉት ነው። እሱ ሲጠፋ ነጋዴ ያገኘውን ሥር ይፈጫል። እውነተኛው ቢሆንም ልትነግሪኝ ይገባ ነበር።»

ዱቄቱን ካቆምኩ በኋላ ቢሊሩቢኑ ቀስ በቀስ ወረደ፣ ትራፒያንቶው ቀረ፣ እኔም በእትዬ አስካለ ክንድ ተደግፌ ኮሪደሩን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው መመላለስ ጀመርኩ። ከሆስፒታል ስወጣ በንዴት ወደ መደብሩ ሄድኩ። ፓኬቱ እንደተደረደረ ነው። ባለ ሱቁ «እውነተኛውን ከየት ላምጣልሽ? ተራራው ላይ ያለው አልቋል» አለኝ። አላፈረም። እኔ ግን አፈርኩ፤ የሚያልቀው እንደ እኔ ላለው ገዢ ሲባል ነውና።

ዶክተሯን እግዚአብሔር ይስጣት። እናንተም ዓይናችሁ ቢጫ የሆነ፣ ስትጠየቁ ተናገሩ። ሲነገር የሚረክስ መድኃኒት ካለ ቀድሞም መድኃኒት አልነበረም።

ባለፈው እትዬ አስካለን ሳል ጠናባቸው። ቤታቸው ሄጄ «ምን እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። ከተኙበት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ተነሥቼ ትራሳቸውን ገለጥኩ።