ሲጠብቅ ሰፊ፣ ሲላላ ሰፊ

ሶፊ ላፍቶ ውስጥ የራሷን የልብስ ስፌት ቤት የከፈተችው በግንቦት መጨረሻ ነው። ቤቱ የአጎቷ የጋሼ ኮርሳ ነበር። እርሻቸው እስከ ወንዙ ይወርድ በነበረበት ዘመን ጥጃ ያድርበት የነበረ አንድ ክፍል ነው፤ ኋላ አስፋልቱ አጠገቡ ድረስ ሲመጣ በሩን ወደ መንገድ አዞሩት። ኮርሳ ዛሬም ሦስት ላሞች አሏቸው። ጠዋትና ማታ ለኮንዶሚኒየሞቹ ወተት ያከፋፍላሉ። ቤቱን ለሶፊ ሲሰጧት ብዙ አላወሩም።

«እስከ መስቀል ሞክሪው። ሰው ከመጣልሽ ያንቺ ነው። ካልመጣልሽ ለጎረቤታችን ልጅ ለበንቲ እሰጠዋለሁ፤ ሞባይል ይጠግንበታል። ባዶ ቤት ስጠብቅ አልኖርም።»

ሶፊ ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት በአንድ ፋብሪካ ሸሚዝ ስትሰፋ ኖራለች። ሸሚዝ ሲባል ግን ሙሉውን አይደለም፤ የግራ እጅጌ ብቻ። ቀኙን የሚሰፉት ሌሎች ነበሩ፤ ኮሌታውንም ሌሎች። በስድስት ዓመት ውስጥ «ይህ የኔ ሥራ ነው» ብላ ያነሳችው አንድ ልብስ የለም። መስቀልን የምትፈራውም ለዚህ ነበር። ቤቱ ከእጇ ከወጣ ተመልሳ የምትገባው ወደዚያው ወደ ግራ እጅጌ ነው።

ታፔላውን የጻፉላት መካኒሳ አቦ አጠገብ የሚሠሩት ጋሽ ደምሰው ናቸው። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ሲማሩ ቆይተው፣ አዲስ አበባ ሲገቡ ቀለምና ቡርሽ ያነሱ ሰው ናቸው። ባነር የሚያትሙት ቤቶች ከበዙ ወዲህ ሥራቸው ቀዝቅዟል፤ የእጅ ጽሕፈት የሚፈልግ ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል።

«ምን ልበልልሽ?» አሏት።

«ሶፊ የልብስ ስፌት።»

ላሜራውን በስንዝር ለኩት። «ይሄ ጠባብ ነው ልጄ። ይኼን ሁሉ ካስገባንበት ፊደሉ ጉንዳን ነው የሚያህለው። በታክሲ የሚያልፍ ሰው አያየውም።»

«እንግዲያው ሁለት ቃል ይሁና። ሶፊ ሰፊ።»

«ሶፊ ሰፊ» አሉ ደምሰው፣ እንደሚቀምሱት ሁሉ። «ቤት ይመታል። በይ ይሁን።»

ጻፉት። በቀይ ቀለም፣ ጠርዙ በጥቁር የተከበበ፣ ያማረ ጽሕፈት ነበር። ሁለቱም አይተው ተደሰቱ፤ አንዳቸውም ምንም ነገር አላዩበትም። ደምሰው ቃሉን ከአፏ ሰምተው ስለጻፉት፣ ሶፊም ራሷ ስላለችው፣ ዓይናቸው የሚያነበው ቀድሞ ጆሯቸው ውስጥ የተቀመጠውን ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ታፔላውን ሳዳም አነበበው።

ሳዳም ከቤቷ ፊት ለፊት ባለው የታክሲ መያዣ ተራ አስከባሪ ነው። ድምፁ እስከ ማዶ ይሰማል። ቆም ብሎ «ፊ»ን በደንብ አጠበቃትና፣ «ሶፊ ሰፊ!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ይሄስ ይታያል! በታፔላ ማወጅ ምን አስፈለገ?»

ተራ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ ወያላ ደግሞ፣ «ሰፊዋ ከኋላ ወንበር!» አለ።

ሶፊ ደልደል ያለች ልጅ ናት፤ ትከሻዋም ክንዷም ሙሉ ነው። ይህችን ቃል ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ስሟን ከዚህ ስድብ የሚለየው አንዲት የፊደል እግር ብቻ ናት፤ የ«ሰ»ን አንድ እግር ሲያሳጥሩት «ሶ» ይሆናል። የሰፈር ልጆች ያቺን እግር ለማስረዘም ጊዜ አይፈጅባቸውም ነበር። አሁን ደግሞ እሷው ራሷ፣ በቀይ ቀለም፣ በገዛ በሯ አናት ላይ ሰቅላዋለች።

የዚያኑ ቀን ደምሰው ዘንድ ሄደች።

«ጋሽ ደምሰው፣ ምን ነው የጻፉብኝ?»

«ያልሽኝን ነዋ።»

«እኔ ሰፊ ነው ያልኩት!»

«እኔም ሰፊ ነው የጻፍኩት።»

«እነሱ እኮ ሰፊ ብለው ነው የሚያነቡት!»

ይህ ንግግር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። እዚያ ቆሞ ለሰማ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላልተው ነው የተነገሩት፤ መርፌና ክር የያዘች ሴት ናቸው። ሦስተኛው ጠብቋል፤ እሱ ወርድ ነው። ደምሰው ወዲያው ገባቸው። ቡርሻቸውን አስቀምጠው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አዪ! የቅኔ ተማሪ ነበርኩ እኮ! ላልቶ ጠብቆ ሲነበብ የሚለውን ስንት ዓመት ተገርፌበት!»

«ሰበታ አክስቴ ጋ ሆኜ ኦሮምኛ በቁቤ ስማር ይሄ አይመጣም ነበር» አለች ሶፊ እንባዋን እየዋጠች። «የሚጠብቀው ሁለቴ ይጻፋል። ባዳ በአንድ ደ ከሆነ መጥፎ ነው፤ በሁለት ደ ከሆነ ደጋ ነው። ማን ይሳሳታል? እናንተ ፊደል ውስጥ ግን ሰው እየገመተ ነው እንዴ የሚያነበው?»

«እኛም ዘንድ መላ አለ። በአንዳንድ መጻሕፍት የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ይደረጋል።»

«ታዲያ ያድርጉልኛ!»

«የሚጠብቀው እኮ ስድቡ ነው ልጄ። ነጥቡን ባደርግልሽ ‹ወፍራሟ› ብዬ ማኅተም መታሁብሽ ማለት ነው። ያንቺው የሚላላው ነው። የሚላላ ምልክት የለውም።»

«እና ባዶውን ይተዉልኝ።»

«ባዶውንማ ትቼዋለሁ!» ደምሰው በቁጭት ፈገግ አሉ። «ባዶ አናት የሚናገረው ነጥብ ያለው ሌላ አጠገቡ ሲቆም ነው። ያኔ ሰው ሁለቱን ያስተያያል፤ ‹ያ ጠብቋል፤ ይሄ ግን አልጠበቀም› ይላል። ብቻውን ሲቆም ባዶ ባዶ ነው። ደግሞ ‹ሰፊ› በሚለው ድምፅ ውስጥ መርፌም የለ፣ ወርድም የለ። ሰው ተስማምቶ ያስቀመጠውን ነው የምናገኘው።»

«ያጥፉልኝ በቃ።»

«ብራ ሲሆን ነይ። በዚህ ዝናብ ቀለም አይይዝልሽም።»

ሶፊ ተመልሳ ታፔላውን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈነችው። የስፌት መኪናዋንም አዙራ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጠች። ሰኔ ገባ፤ ሐምሌ ገባ። ታፔላው የተሸፈነ፣ ባለቤቷ ፊቷን ያዞረች ቤት ማን ይገባል? የተቀደደ ሱሪ የያዘ ጎረቤት ብቻ ነበር ብቅ የሚል። የደንብ ልብስ ሥራ ይመጣል ብላ ተስፋ ያደረገችባቸው ትምህርት ቤቶችም ሥራውን ለትልልቅ ስፌት ቤቶች ሰጥተውት ነበር።

ኮርሳ ማታ ላሞቹን አስገብተው ሲመለሱ በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ዛሬስ ስንት ሰው መጣ?»

«አንድ፣ ጋሼ። ዚፕ።»

«ዚፕ ሰው ነው?»

ሶፊ ልትስቅ ትልና ይቀርባታል። ኮርሳ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን በንቲ በየሳምንቱ እየመጣ ግድግዳውን ሲያይ እሷም ታየዋለች።

ነሐሴ እንደገባ አንድ ቀን ነፋስ ያለበት ዝናብ መጣና ከረጢቱን ገፎ ወሰደው። ሶፊ አላወቀችም፤ ጀርባዋን ሰጥታ እየሠራች ነበር። ከትንሽ ጊዜ በኋላ አንድ ታክሲ ቆመና ከውስጡ አንዲት ትልቅ ሴት ወረዱ። ትልቅ ሲባል በዕድሜም በቁመናም። እትዬ ወርቅዬ ይባላሉ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። በሩን ሞልተው ቆሙና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ሰፊ ልብስ አለ?»

«የለም» አለች ሶፊ ዞር ብላ።

«ታዲያ ውጭ የተጻፈው ምንድን ነው?»

ሶፊ ቀና ብላ ከረጢቱ መሄዱን አየች። ፊቷ ጋለ። «እሱ… እሱ እኮ ሰፊ ነው እንጂ ሰፊ አይደለም።»

«ምን አልሽ አንቺ ልጅ?»

«ሰፊ! የሚሰፋ! መርፌ፣ ክር!» ብላ እጇን እንደ መርፌ አወጣች፣ አወረደች።

እትዬ ወርቅዬ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ መቀስ ያለበት ጠረጴዛ ሁሉ ተነቃነቀ። «እኔ ደግሞ እንደኔ ያለች አንዲት ደፋር ሴት ‹አዎ፣ ሰፊ ነኝ፣ ምን ይጠበስ!› ብላ ሱቅ የከፈተች መስሎኝ ነው የወረድኩት! ዘልዬ እኮ ነው የወረድኩት!»

ሶፊም ሳታስበው ሳቀች። ከግንቦት ወዲህ በዚያ ቃል ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ወርቅዬ በርጩማው ላይ ተቀመጡና ሳቃቸው ረገበ። «ልጄ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትመረቃለች። የምለብሰው አጣሁ። ሱቅ በገባሁ ቁጥር ገና ከበሩ ‹በእርስዎ ልክ የለም እናቴ› ይሉኛል። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ልክ የሌለኝ ሰው ሆኜ ቀረሁ።»

ሶፊ ይህን ነገር ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የሱቅ ልብስ ሰፋ ባለ ቁጥር ርዝመቱም አብሮ ይጨምራል፤ ወፍራም ሰው ሁሉ ረጅም ይመስል። እጅጌው ክንድ ላይ ይነክሳል፤ ብብት ሥር ይቀደዳል። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ለካቻቸው። ወርቅዬ እንደለመዱት ሆዳቸውን ሲስቡ፣ «አይሳቡት እትዬ፤ ተንፍሰው ይቁሙ። ልብሱ ነው ወደ እርስዎ የሚመጣው» አለቻቸው።

ቀሚሱን በስድስት ቀን ጨረሰችው። ብብት ሥር አራት ማዕዘን ቁራጭ አስገባችበት፤ ክንድ ላይ ለቀቅ፣ አንጓ ላይ ሰብሰብ አደረገችው። ግራ እጅጌውንም፣ ቀኙንም፣ ኮሌታውንም፣ ገበሩንም እሷው ሰፋች። ወርቅዬ ለብሰው ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ።

«እጄ ተነሳ! ኧረ እጄ ተነሳ!»

ከምረቃው በኋላ የወርቅዬ የመዝገብ ቤት ባልደረቦች መጡ። ከዚያ የአንዷ እህት፣ ከዚያ ከጀሞ ሦስት ጎረቤቶች፤ አንድ ዲያቆን ሳይቀር የእናቱን ልክ በገመድ ቋጥሮ ይዞ መጣ። ሁሉም በር ላይ ሲደርሱ የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ነው፦ «ሰፊዋ አንቺ ነሽ?» የትኛውን እንደሚሉ ሶፊ አታውቅም፤ ግን «አዎ» ትል ጀመር።

በጳጉሜ ብራ ሆነ። ደምሰው ቃላቸውን ጠብቀው ቡርሻቸውን ይዘው መጡ።

«ላጥፋልሽ? ወይስ ነጥቡን ላድርግልሽ?»

ሶፊ ጨርቅ የምታሰምርበትን የሳሙና ስባሪ አነሳችና ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ጥቁር ጨርቅ ላይ ጻፈች፦ ሰፊ ልብስ ሰፊ።

ደምሰው ጎንበስ ብለው አነበቡት። የመጀመሪያውን ሳያስቡት አጠበቁት፤ የመጨረሻውን ሳያስቡት አላልተው ጠሩት። ደግመው አነበቡት። በሌላ መንገድ ሊሉት ሞከሩና አፋቸው እምቢ አላቸው።

«ነጥብ የለ፤ ምን የለ» አሉ ቀስ ብለው። «ፊደሉ አንድ ዓይነት ነው። የሚለያያቸው የቆሙበት ቦታ ብቻ ነው። ማን አስተማረሽ?»

«እጅጌ ነዋ» አለች ሶፊ። «ፋብሪካ ሆኜ የግራ እጅጌ ክምር ነበር የማየው። ክምር ውስጥ ያለ ጨርቅ ግራም ቀኝም አይደለም። ግራ የሚሆነው ሌላው ጎን ሲኖር ነው። ቃልም እንደዚያ መስሎኝ።»

ደምሰው ላሜራው ላይ ሌላ ቁራጭ ቀጠሉበትና ሙሉውን ጻፉ፦ ሶፊ፣ ሰፊ ልብስ ሰፊ። ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ሳዳም ከማዶ ዓይኑን አጥብቦ ቆመ። ሶፊ በዚህ ጊዜ ጀርባዋን አልሰጠችም፤ በሩ ላይ ወጥታ እጇን አጣምራ ጠበቀችው።

«ሶፊ… ሰፊ ልብስ ሰፊ» አለ ሳዳም ያለ ስህተት። ከዚያ ለቀልድ ፈልጎ መጨረሻውን ሊያጠብቀው ሞከረ። «ሶፊ፣ ሰፊ ልብስ… ሰፊ?»

«ምን ማለት ነው?» አለው ያው ወያላ። «ሰፊው ልብሱ ነው፣ ቤቱ ነው? በደንብ አንብብ እንጂ!»

ሰው በሳዳም ላይ ሳቀ። ሳዳም መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «ሶፊዬ፣ የኔ ማዘር ሰፋ ያለች ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለዓመት በዓል ይደርስልኛል?»

«ይዘሃት ና። ግን በሩ ላይ እንዳትጮህባት።»

የመስቀል ዋዜማ ለት ኮርሳ የማታውን ወተት አድርሰው ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው ወደ በሩ መጡ። መግባት ግን አልቻሉም። አንዷ ሴት በርጩማው ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለቱ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፤ እትዬ ወርቅዬ ሁለተኛ ቀሚሳቸውን ሊወስዱ መጥተው መሃል ላይ ይዞራሉ።

«ዛሬስ ስንት…» ብለው ጀመሩና ተዉት ኮርሳ። ባዶውን የወተት ጀሪካን ደጃፍ ላይ አስቀመጡት። «በንቲ ዛሬ ጠዋት ጠይቆኝ ነበር። ከጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል አሳየሁት። ሞባይል የትም ይጠገናል።»

ሶፊ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች።

«ወይ ጋሼ፣ ግቡ እንጂ» አሏቸው ወርቅዬ።

«በየት በኩል ልግባ እትዬ? እናንተ መቼ ቦታ ሰጣችሁኝ!» ኮርሳ በጎን ተጣብቀው ገቡና የውስጠኛውን ግድግዳ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከግድግዳው ጀርባ የላሞቹ መኖ የሚቀመጥበት ክፍል አለ። «ይሄ ጭቃ ነው፤ ይፈርሳል። መኖውን ወደ ጓሮ እናደርገዋለን። ሰው ቆሞ ተራ አይጠብቅም።»

ይህን ብለው ሜትሩን ከሶፊ አንገት ላይ አወረዱና አንዱን ጫፍ ለወርቅዬ አስይዘው ግድግዳውን ይለኩ ጀመር።