ከአማቼ ጋር ቦምባ የረገጥኩ ዕለት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። እስከ ዛሬ ጫማዬን ሳጠልቅ ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ባለቤቴ "ደግሞ ጀመረው" ትላለች።

ልጄ ጥር ላይ አገባ። የሙሽራይቱ አባት ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ሰው ሁሉ መቶ አለቃ ይላቸዋል። እኔ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ታዲያ ሽማግሌ ስንልክ ከወታደር ቤት ላለማነስ ብዬ አንዲት ነገር ጣል አደረግሁ፤ አያቴ አርበኛ ነበር አልኩ። ውሸት ደግሞ እንደ ሊጥ ናት፤ ስታድር ኩፍ ትላለች። በሠርጉ ዕለት አያቴ የገደላቸው ጣሊያኖች ሦስት ነበሩ፤ በመልሱ ሰባት ደረሱ።

ብዙም ሳይቆይ መቶ አለቃ ሐኪም ለስኳር በሽታቸው የእግር ጉዞ ያድርጉ እንዳላቸው ነገሩኝ። አፌ አላርፍ አለና እኔ ወደምኖርበት ጀሞ እንዲመጡ ጋበዝኳቸው። ባሕር ዳር ባይኖረን ወንዝ ዳር አለን፣ አያቴ የተዋጋበትን ምሽግም አሳይዎታለሁ አልኳቸው። በጣሊያን ጊዜ በዚያ በኩል ምሽግ እንደነበረ ሲወራ ሰምቻለሁ። የት እንደሆነ ግን አላውቅም።

በማለዳ ከጀሞ ተነስተን ወንዙን ይዘን ቁልቁል ወረድን። ኮንዶሚኒየሙ ከኋላችን ቀርቶ የጎመንና የሰላጣ ማሳ መጣ። እኔ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር "ይኸውልዎ ምሽግ" እላለሁ። ጎርፍ የቦረቦረውም ምሽግ፣ አሸዋ የወጣበትም ምሽግ ሆነ። መቶ አለቃ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ቦታው ለመከላከል እንደሚመች እየተናገሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ቁጥቋጦ የዋጠው አንድ ረዥም ቦይ ውስጥ ተቀምጠንም ዳቦና ሙዝ በላን። እሱን ብቻ ምሽግ ሳልለው ቀረሁ፤ የጎርፍ መውረጃ መስሎኝ ነው።

ከዚያ ተነስተን ማሳውን ስናቋርጥ ቀኝ እግሬ ሥር አፈሩ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ወዲያው ከማዶ አንድ ገበሬ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ።

"እዚያው ቁም! ቦምባ ረግጠሃል! እግርህን ካነሳህ ይፈነዳል!"

ደርቄ ቀረሁ። ከጫማዬ ሥር ሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ጠዋቱን ሙሉ ጣሊያን ጣሊያን ስል ቆይቼ ጣሊያን የቀበረውን ረገጥኩ።

ይህ የእርስዎ ሙያ ነውና ምን ላድርግ ብዬ መቶ አለቃን ጠየቅኋቸው። አንገቴን ብቻ አዙሬ ባይ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው ጎመን መሃል በሆዳቸው ተኝተዋል።

"ወንድሜ፣ እኔ ስለ ቦምብ ምንም አላውቅም" አሉኝ ከጎመኑ ውስጥ። "ያን ሁሉ ዘመን ጥሩንባ ነበር የምነፋው።"

ሳቄ መጣ፤ ግን እግሬን ያነቃንቅብኛል ብዬ ዋጥኩት። መሞቴ ካልቀረ ውሸቴን ይዤ አልሞትም አልኩ።

"እንግዲያው እኔም ልናገር። አያቴ አርበኛ አልነበረም፤ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። የሽንት ቤት ጉድጓድ። በኔ ውሸት ልጄን እንዳትንቁብኝ፣ አደራ።"

ገበሬው ሽቦና የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ይዞ እየሮጠ ደረሰ። እግሬ ሥር ተንበርክኮ አፈሩን ጠረገና አሁን አንሳ አለኝ። አላነሳም አልኩ። ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ራሱ አነሳው።

ፈነዳ። ውሃው በሱሪዬ ገብቶ በአንገቴ ወጣ።

ገበሬው የተወለደው እዚያው ነው፤ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። በእሱ አፍ ቦምባ ማለት ቧንቧ ነው። እኔ የቆምኩት ከወንዙ በሞተር ውሃ በሚያመጣው የፕላስቲክ ቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ነበር። ሰውየው የፈራውም ለእኔ ሳይሆን ለሰላጣው ነው።

መቶ አለቃ ጭቃቸውን ሳያራግፉ ሳቁ። እኔም መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ገበሬው ሁለታችንንም በየተራ አየንና ቧንቧውን በከመነዳሪ ማሰሩን ቀጠለ። እኛም ያዙ ያለንን ያዝንለት።

ሲጨርስ ምን ፍለጋ እንደመጣን ጠየቀን። ምሽግ ብለን ስንነግረው ዳቦና ሙዝ የበላንበትን ቦይ አሳየን። ጣሊያን በቀን ሠራተኛ ያስቆፈረው እንደሆነ አባቱ ይነግረው ነበር አለ።

መቶ አለቃ ቦዩን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

"እንግዲህ ያያትህ ሥራ ይሆናል" አሉኝ። "አቆፋፈሩ ያምራል።"

አንተ ሲሉኝ የመጀመሪያው ነው። እኔም መልሼ አንተ አልኩት፤ አንቱታው እዚያ ማሳ ላይ ቀረ። ገበሬው መቶ አለቃ በሆዱ የደፈጠጠውን ጎመን ለቅሞ አሸከመንና ሸኘን።

ዛሬ እሑድ እሑድ ወንዝ ዳር አብረን እንሄዳለን። እሱ ቆፋሪው ይለኛል፤ እኔ ጥሩንባው እለዋለሁ። በስተርጅና እንዲህ ያለ ጓደኛ አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ያንን ገበሬም ባየሁት ቁጥር ልስመው ይቃጣኛል።

ለልጆቻችን ግን እስካሁን አልነገርናቸውም። እነሱ ዘንድ እሱ ጀግና ነው፤ አያቴም አርበኛ። ይህን አንብበው ከደወሉልኝ፣ እግሬን አነሳለሁ፤ የፈነዳው ይፈንዳ።