መርከብ ወደማይጠብቁት ሕዝብ

የበደለኝ ሰው ጓድ አስፋው ይባላል። ጊዜው አብዮቱ በፈነዳ በዘጠነኛው ዓመት፣ የጥቅምት ወር ነው። እኔ በመሥሪያ ቤታችን ተረት ሰብሳቢ ነበርኩ፤ እሱ የክፍል ኃላፊዬ። ጋምቤላ ሦስት ሳምንት ተቀምጬ የዋሚሎችን ታሪክና ልማድ ከአንዲት ዓሣ ሻጭ አፍ በሁለት ደብተር ጽፌ ተመለስኩ። ዋሚሎች ክንፍ ያላቸው፣ ጆሯቸው የሾለ፣ ከሰው ቀጠን የሚሉ፣ በተረት እንጂ በካርታ የማይገኙ ሕዝብ ናቸው። ጓድ አስፋው ደብተሮቹን «እስቲ ልያቸው» ብሎ ወሰዳቸው። በዓመቱ መጽሐፍ ሆነው ወጡ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የእሱ ብቻ ነው። ስጠይቀው፣ «ጓዲት ዘነበች፣ ለሰፊው ሕዝብ ለሚሠራ ሥራ ስም ምን ያደርጋል?» አለኝ። የራሱን ግን አልፋቀውም።

መጽሐፉ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም መሆኑን ስሰማ ለበላይ ኃላፊው አቤት አልኩ። «የነገረችዎ ሴት በጣት አሻራዋ ታረጋግጥልዎ። ሦስት ሳምንት አለዎት፤ ከዚያ ማተሚያ ቤት ይገባል» አሉኝ። የሄድኩት ለዚያች አሻራ ነው።

ሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ አዲስ አበባ

መጋቢት ነው። ከቀበሌ ያወጣሁትን የይለፍ ወረቀት በጉያዬ ይዤ ጅማ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። በቦርሳዬ በሶ፣ የጓድ አስፋው መጽሐፍና በላስቲክ የጠቀለልኩት የአሻራ ቀለም አለ። ጊቤ በረሃ ስንወርድ መስኮት ይከፈት፣ አይከፈት የሚል ጠብ ተነሣ፤ እኔ ይከፈት ካሉት ወገን ነበርኩ፣ አሸነፍን። ጅማ በሦስት ብር አልጋ ያዝኩ። አንሶላው ንጹሕ ነበር፤ ይህን የምጽፈው ብዙ ጊዜ ስለማይገጥመኝ ነው።

ማክሰኞ፤ መቱ

በበደሌ አድርገን መቱ የደረስነው በዝናብ ነው። መንገዱ ሁሉ ጫካ፤ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተያይዘው ሰማዩን ይጋርዱታል። ማታ ቅቅል ጎደሬ በሚጥሚጣ በላሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ «የደጋ ሰው ጎደሬ አይወድም» ብላ ትንሽ አቀረበችልኝ። ሁለት ጊዜ አስጨመርኳት።

ረቡዕ፤ ቁልቁለቱ

ከመቱ ጨውና ሳሙና የጫነ መኪና ሾፌር ጋቢና ውስጥ አስቀመጠኝ። ገመቹ ይባላል፤ ሲስቅ መሪውን የሚለቅ ሰው ነው። ጎሬን አልፈን ቡሬ ላይ ኬላ ጠባቂው ወረቀቴን ገለበጠው።

«የጉዞው ምክንያት ምንድነው?»

«ስለ ክንፋም ሕዝብ ማስረጃ ለማምጣት» አልኩ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እንደዚያው ነው።

ጠባቂው ማኅተሙን ደግሞ አየው፤ ትክክል ስለነበር አሳለፈን። ገመቹ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ሙሉ ሳቀ።

«እትዬ፣ ክንፍ ካላቸው ለምን መጥተው አይወስዱዎትም? እኔ ለምን ጎማ ላቃጥል?»

«መሪውን ያዝና ንዳ!»

ከቡሬ በኋላ ምድሩ ከእግር ሥር ይሸሻል። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ አወለቅኩ፤ መጀመሪያ ሹራብ፣ ቀጥሎ ነጠላ፣ ከዚያ ካልሲ። ታች ሜዳው እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቷል፤ ባሮ በመካከሉ ያብለጨልጫል። ቂሜ የትም ቢሆን አብሮኝ ይሄዳል፤ እዚያ መታጠፊያ ላይ ግን ለጥቂት ደቂቃ ረሳሁት።

ሐሙስ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፤ ወደቡ

ዋሚሎችን የነገረችኝ እማማ አሪየት የምትኖረው ባሮ ዳር፣ አሮጌው የጋምቤላ ወደብ አጠገብ ነው። በወጣትነቷ ከሱዳን ለሚመጡት መርከቦች ጫኝና አውራጆች ምግብ ታበስል ነበር፤ ዛሬ ዓሣ በጢስ አድርቃ ትሸጣለች። ለትልቅም ለትንሽም «አንቺ» ነው የምትለው፤ የአውራጃው አስተዳዳሪም ከዚህ አላመለጡም።

«አንቺ! ደብተር ይዘሽ የጠፋሽው!» አለች ገና ከሩቅ። «ደብተሩ ወለደ?»

«ወለደ እማማ። በሰው ስም ነው የተጠመቀው።»

ውሃው ጎድሎ ስለነበር ሴቶቹ ጉልበት ባልደረሰ ውሃ ውስጥ ተቀምጠው ልብስ ያጥባሉ። ጎረቤቷ ኦባንግ፣ ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ፣ መረቡን እየጠገነ አማርኛውን ተረጎመላቸው። መጽሐፉን ከፍቼ አነበብኩ፤ «ዋሚሎች የአካባቢው ጥንታዊ እምነት ናቸው፤ ክንፋቸውም የጭቁኑ ሕዝብ ምኞት ነው።»

«ጥንታዊ?» አለች እማማ አሪየት። «እኔን ነው? ኦባንግ፣ እኔ ጥንታዊ ነኝ?»

«ትንሽ» አለ ኦባንግ። የታጠበ ጨርቅ ፊቱ ላይ አረፈ።

«ዋሚል የአያት አይደለም» አለች ወደ እኔ ዞራ። «የእኛ የወጥ ቤት ሴቶች ነው። ውሃ ሲጎድል መርከብ አይመጣም። ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፤ ሥራ የለም፣ ጨው የለም። አንዷ ጀርባዋን በላት። ‹ክንፍ ሊወጣልኝ ነው፣ መርከብ አልጠብቅም› አለች። ሳቅን። ዋሚል ከዚያ ሳቅ ወጣ።»

ከዚያ ሁሉም ይቀባበሉት ጀመር። ዋሚል ክንፍ የሚያወጣው ሌላ ሰው ጀርባውን ሲያክለት ብቻ ነው፤ ብቻውን የሚኖር እስከ ዕድሜው ልክ በእግሩ ይሄዳል። የቤታቸው በር ጣሪያው ላይ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ከላይ ሆኖ እህ እህ ይላል። ሙሽሮች ቀለበት ሳይሆን አንድ አንድ ላባ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ያገባ ሰው ሲበር ትንሽ ያጋድላል። ዋሚል አያረጅም፣ ይቀላል። ዕድሜው ሲገፋ ነፋስ እንዳይወስደው ልጆቹ ወገቡ ላይ ድንጋይ ያስሩለታል፤ ሲበቃው ራሱ ይፈታዋል።

ወረቀቴንና ቀለሙን አወጣሁ። እማማ አሪየት ሁለት እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«ሦስት ሳምንት ሰማሽ። ዓሣዬን በላሽ። ምን ጨመርሽ?»

ኦባንግ ነው ያስረዳኝ። ዋሚልን የሰማ ሰው ከመሄዱ በፊት የራሱን አንድ ነገር ይጨምራል። ሴቶቹ ከወደዱት ውሃውን በመዳፋቸው ይመታሉ፤ ካልወደዱት ተናጋሪውን ይረጩታል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሲራጩ አይቼ ነበር፤ በደብተሬ «ሙቀት ለመከላከል» ብዬ ጽፌዋለሁ። ጓድ አስፋው ደግሞ ከዚያ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ «የመንጻት ሥርዓት» አውጥቷል። የእሱ ስህተት የተተከለው በእኔ ስህተት ላይ ነበር። ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም።

«ካልጨመርሽ አሻራ የለም» አለች።

ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ገባሁ። «አዞ የለም?» ስል፣ «አለ፣ ግን ተረት ይወዳል» አሉኝ።

«የዋሚሎች ንጉሥ» ብዬ ጀመርኩ፣ «ክንፉ የወርቅ ነው።» ሳልጨርስ ተረጨሁ። «ንጉሡን ከደጋ ነው ያመጣሽው፣ መልሺው!» አለች አንዷ። ቀጥዬ ዋሚሎች የበረሩበትን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋሉ አልኩ። በዚህኛው ጊዜ ኦባንግም መረቡን ጥሎ ረጨኝ። ፀጉሬ ፊቴ ላይ ተለጥፎ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ፣ እንደ እነሱ እስቅ ነበር። ነገር ግን ያለ አሻራዋ ልመለስ ነው የሚለው ሐሳብ ሳቄን አቋረጠውና ንዴቴ መጣ። ሳላስበው ተናገርኩ፤

«ከዋሚሎች መካከል የሌላውን ላባ ሰብስቦ የሚለብስ አለ። አይከሱትም፣ አይመቱትም። ጠዋት ሁሉም ወንዙ ዳር ይወጣሉ፤ ምግብ ይዘው፣ ሕፃን አዝለው፣ ደስ ብሏቸው። ከዚያ በትሕትና ‹እስቲ ብረር› ይሉታል። እስኪበር ይጠብቃሉ።»

ኦባንግ ተረጎመ። እማማ አሪየት ቀና ብላ አየችኝና መዳፏን ውሃው ላይ አሳረፈች፤ ጯ! ከዚያ ሁሉም። ውሃው እንደ ከበሮ ጮኸ። አንዷ፣ «እስከ ስንት ቀን ይጠብቃሉ?» ብላ ጠየቀች። ሌላዋ፣ «ምግቡ እስኪያልቅ!» አለች። አንዲት ጎበዝ ተነሥታ ላባ የለበሰውን ሰው አካሄድ አሳየችን። ጓድ አስፋውን አይታው አታውቅም፤ ቁርጥ እሱን ነው።

እማማ አሪየት አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳርፋ ቃሏን አስጻፈችኝ። «የነገርኳት እኔ ነኝ። ድርሻዋን ጨምራለች። ሰውዬውን አላውቀውም። ይምጣና ይጨምር።»

ሦስት ቀን አስቀሩኝ። ከጢስ ዓሣና ከማንጎ በቀር የበላሁት ትዝ አይለኝም።

ሐሙስ፤ አዲስ አበባ

በሳምንቱ ቤቴ ገባሁ፤ በማግስቱ ወረቀቱን አቀረብኩ። የበላይ ኃላፊው በስብሰባ መካከል ጮክ ብለው አነበቡትና፣ «ጓድ አስፋው፣ ተጋብዘዋል። የውሎ አበል እንፈቅድልዎታለን» አሉ። ጓድ አስፋው ወገቤን ያመኛል አለ። በአዲሱ እትም ሽፋን ላይ የእሱ ስም ቀርቶ መጀመሪያ የእማማ አሪየት ስም፣ ከሥሩ በትንሹ የእኔ ወጣ። «የመንጻት ሥርዓት» የሚለው ገጽ ተነሣ፤ በቦታው ስህተቱ ከደብተሬ መጀመሩን በፊርማዬ አስገባሁ። ጓድ አስፋው አልተቀጣም፤ ሰፋ ያለ ቢሮ ተሰጠው።

ጉዞው ያስተማረኝ፣ የሰማሁት ሁሉ ስለጻፍኩት ብቻ የእኔ እንደማይሆን ነው። ይህን ማመን ከመንገዱ ረዝሞብኛል። ጓድ አስፋውን ግን ይቅር አላልኩትም።

ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ጋምቤላ ወርጃለሁ፤ በየጊዜው አንድ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። ጓድ አስፋው ሲሞት ከመሥሪያ ቤት ቤቴ ድረስ ሰው ልከው ነበር። ለቅሶ አልደረስኩም። ጋምቤላ ነበርኩ።