አውድማው ላይ ያረፈው ድሮን

ነገሩ የደረሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ላይ ጋይንት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ አገሩ ጸጥ ያለ ነበር። ሰማይ ላይ የሚጮኽ ነገር ሲሰማ ሰው ቀና ብሎ "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" ይላል እንጂ ሌላ አያስብም። ዛሬ ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ምን እንደሚሰማው ማንም ያውቀዋል። እኔ ግን ከሰው ሁሉ ቀድሜ፣ በራሴ ምክንያት፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያንን ድምፅ መስማት አልወድም።

ሥራዬ ፎቶና ቪዲዮ ነው። ንፋስ መውጫ ከመናኸሪያው ፈንጠር ብላ የምትገኝ ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። ክረምት ከበጋ ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ፤ ጥር ሲመጣ ሰርግ እቀርጻለሁ። የምንኖረው በጥር ነው ማለት ይቻላል። አንድ ጥር ላይ ታዲያ ሙሽራው ሁሉ ተማክሮ የመጣ ይመስል "ድሮን አለህ?" ማለት ጀመረ። የለኝም ስል ድሮን ያለው ሰው ከደብረ ታቦር ያስመጣሉ፤ እኔ አጃቢ እሆናለሁ። ባለቤቴ ነገሩ ሲሰለቻት "ወይ ግዛው፣ ወይ ፎቶ ቤቱን ዘግተን ሽንኩርት እንነግድ" አለችኝ። ያለችንን አሟጠን ገዛነው።

ጉዱ ማብረሩ ላይ መጣ። ኢንተርኔት ላይ የሚያስተምሩት ሰዎች ሁሉ "መጀመሪያ ሰፊና ባዶ ሜዳ ፈልጉ" ነው የሚሉት። ሰፊና ባዶ ሜዳ፣ ጋይንት ውስጥ! ያለው ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፤ የተረፈው ደግሞ ታርሷል። ቢቸግረኝ ከተማችን ኳስ ሜዳ ላይ ሞከርኩ። ለከተማዋ ስም ያወጡላት ሰዎች ነፋሱን በደንብ ያውቁት ነበር። ያቺ ሚጢጢ ማሽን ገና ከመሬት ብድግ ስትል ወደ ጎን ትነዳለች። ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ደግሞ ግራና ቀኙ ይገለበጥብኛል፤ ግራ ስላት ቀኝ ትሄዳለች። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር "ኧረ ወፏ ጠጥታለች፣ አሳፍሯት!" ያለኝን እስካሁን አልረሳሁለትም።

ስለዚህ ጾመ ነቢያት ሲገባ፣ ሰርግ በሌለበት ወቅት፣ ሰው የማያየኝ ቦታ ተለማምጄ ለጥር ልደርስ ወሰንኩ። እዚያው ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም አካባቢ የሚኖር አጎት አለኝ፤ ጋሼ ፈንቴ እለዋለሁ። የቀበሌውን ሊቀመንበር አስፈቀድኩና እሱ ጋ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ አዲሱን ቆርቆሮ ቤቱን ከላይ እንዳነሣለት ብቻ ጠይቆ ፈቀደልኝ።

ጋሼ ፈንቴ የነበረው አንድ በሬ ነው፤ ቦራ። ጎረቤቱ እትዬ ይመኙሻል ባሏ የሞተባት ሴት ስትሆን እሷም አንድ በሬ ነበራት፤ ዳማ። ሁለቱን በሬዎች አቀናጅተው ነበር የሚያርሱት፤ ሲያጭዱም ሲወቁም እንዲሁ በአንድ ላይ ነው። የእሷ ማሳ በጋሼ ጉልበትና በዳማ ነበር የሚታረሰው። ዳማ ከሌለ ከጋሼ ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም፤ መሬቷን ምርቱን እኩል ለሚካፈል እኩል አራሽ ሰጥታ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ነው። ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ፣ የበሬውን አንገት እያከከች።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ገለባ ላይ ስጥላት፣ ሳነሣት፣ መልሼ ስጥላት ከረምኩ። የሚያረባ መነሻ ቦታ አልነበረኝም። ከድንጋይ ላይ ሳስነሣት ትጋደማለች፤ ከሣር ላይ ሳስነሣት ክንፎቿ ሣሩን ያጭዱታል። ጋሼ ይህን ሲያይ ቆየና አዘነልኝ መሰለኝ፤

"ለምን ከአውድማው አታስነሣትም?" አለኝ።

አውድማው አዲስ ተጠርጎ፣ በእበት ተለቅልቆ፣ እንደ ቤት ወለል ሆኖ ነበር። እዚያ አካባቢ አውድማ በጫማ አይረገጥም፤ ክፉ ቃልም አይነገርበትም። እኔማ ቦታውን አይቼ ስመኘው ነበር፤ ግን ማሽን ይዞ መግባቱ ነውር መሰለኝ።

"አይከፋም፣ ጋሼ?"

"ምን ይከፋል? የበረከት ቦታ ነው። ከአውድማ የተነሣ ነገር ይቀናዋል። ጫማህን ብቻ አውልቅ።"

አወለቅሁ። እውነትም ቀናኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄ ፈታ አለ። ግራና ቀኙም መምታታቱን ተወኝ። ጠዋት ጠዋት፣ ጤዛው እስኪደርቅና ውቂያ እስኪጀመር ድረስ፣ አውድማው የእኔ ነበር። ለጥር የሚደርስ ሰው ሆኛለሁ ብዬ ለባለቤቴ ደወልኩላት።

አውድማ የሚሠራው ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ነው፤ ገለባውን ከእህሉ የሚለየው ነፋስ ነውና። የጋሼ አውድማ ደግሞ ከገደል አፋፍ ላይ ነው። በገደሉ በኩል ከጉልበት የማያልፍ የድንጋይ ካብ አለ። ከካቡ ማዶ መሬቱ እንደ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ጭው ያለ ነው።

የዚያን ቀን ነዶው ተበትኖ፣ ሰዎቹም በሬዎቹም ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። አንድ ባትሪ ብቻ ቀርቶኛል።

"ቶሎ ላስነሣትና ልሂድላችሁ፤ የማሳርፋት እላይ ጉብታው ላይ ነው" አልኩ።

"ፍጠን ታዲያ፤ ፀሐዩ ሳይበርድ እናበራይ" አለኝ ጋሼ።

ከአውድማው ጥግ አስነሣኋትና መቆጣጠሪያውን ይዤ ወደ ጉብታው ወጣሁ። ገደሉን ከላይ ወደ ታች መቅረጽ ነበር ያማረኝ። ካሜራዋን ወደ ታች አዞርኩና ወደ ገደሉ ለቀቅኳት። ከዝንጀሮ በቀር ማንም የማያየው አገር በስልኬ መስታወት ላይ ሲዘረጋ ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላወቅሁም። አንድ የአለት ቋጥኝ ስታልፍ ምስሉ ጠፋ። መስታወቱ ጥቁር ሆነ።

አልደነገጥኩም። ግንኙነቷ ሲቋረጥ በራሷ እንደምትመለስ ተምሬያለሁ። እኔ የማስበው ግን ጥጃ ወደ እናቱ እንደሚመጣ ወደ እኔ፣ ወደ መቆጣጠሪያው ትመጣለች ብዬ ነው። የምትመለሰው ለካ ወደተነሣችበት ቦታ ነው።

ምስሉ ሲመለስ በመስታወቱ ላይ ያየሁት አውድማውን ነው። ከላይ ክብ ሆኖ ይታያል። በክቡ ውስጥ ዳማና ቦራ አንገት ለአንገት በጠፍር ታስረው ይዞራሉ።

የመቆጣጠሪያውን መሪዎች ወደ ላይ ገፋሁ። እምቢ አለችኝ። ያልተጫንኩት ቁልፍ የለም። ባትሪዋ ተሟጦ ነበር፤ ባትሪዋ ሲሟጠጥ ደግሞ የሰው ትእዛዝ አትቀበልም፣ መውረድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ይህንንም አላውቅም። እኔ የማየው በመስታወቱ ላይ አውድማው እየሰፋ፣ እየሰፋ ሲመጣ ነው።

"ጋሼ! በሬዎቹን አውጧቸው!" ብዬ ጮህኩ። ነፋሱ ድምፄን ወደ ኋላ መለሰው። እነሱ ደግሞ እያዜሙ ነው የሚያበራዩት። እጄን አወናጨፍኩ። ጋሼ አየኝና በደስታ አለንጋውን አንሥቶ መልሶ አወናጨፈልኝ። የድሮኗን ድምፅ ሲሰሙ ሁሉም ቀና አሉ። እትዬ ይመኙሻል መጥረጊያዋን ይዛ ከአውድማው ጠርዝ ቆማ ነበር፤ እሷም ፈገግ ብላ ቀና አለች። ፈገግታዋን በስልኬ አየሁት። እኔ እየጮህኩ ነው፤ እነሱ ይስቁልኛል።

ወደ ታች ሮጥኩ። ስሮጥ እንደማልደርስ አውቀዋለሁ።

ድሮኗ ከበሬዎቹ ራስ በላይ ስትደርስ ገለባው ብን ብሎ ተነሣ። መጀመሪያ የበረገገው ቦራ ነው። ዳማን እየጎተተ በነዶው ላይ ተሻገረ። ጋሼ "ቁም! ቦራ! ቁም!" እያለ ጠፍሩ ላይ ተንጠለጠለ። ካቡ ጋ ሲደርሱ ጠፍሩ ተበጠሰ። ቦራ በዚህ በኩል ወደቀ። ዳማ ካቡን ዘለለ።

ድሮኗ አውድማው ጥግ፣ ከተነሣችበት ቦታ፣ ገለባው ላይ በቀስታ ተቀመጠች። ክንፎቿ ቆሙ። ስልኬ ላይ በሰላም ማረፏን የሚገልጽ ጽሑፍ መጣልኝ።

ዳማን ያገኘነው ከካቡ ሥር ካለው እርከን ላይ ነው። ገደሉ ውስጥ አልገባም። የፊት እግሩ ግን ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቶ ነበር። ለመነሣት ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይሞክራል። እትዬ ይመኙሻል ነጠላዋን አውልቃ ዓይኑን ሸፈነችለት። አልጮኸችም። ብትጮህ፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወቂዎቹ አንዱ የደብሩ ቄስ ነበሩ። እግሩን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። የበሬ እግር እንዲህ ከተሰበረ አይጠገንም። ሳይታረድ ከሞተ ደግሞ በክት ነው፤ ለጅብ ነው የሚጣለው። ጾም ስለሆነ ሥጋ የሚቀምስ የለም። ወንዶቹ ተያዩ።

"ነፍሱ ሳትወጣ ባርካችሁ እረዱት" አሉ ቄሱ። "ሥጋው ቋንጣ ይሁን። መንደሩ ይከፋፈለውና ለገና ይበላዋል፤ ዋጋውን እህሉ ሲገባ ለይመኙሻል ይሰጣል። ሌላ ምን እናድርግ?"

ቄስ አያርድምና እሳቸው ራቅ አሉ። ጋሼ ቢላውን ተቀበለ። ዳማን ከጥጃነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እኔ እግሩን ልያዝ ብዬ ቀረብኩ።

"አንተ ተቀመጥ" አለኝ።

እኔም ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መቆጣጠሪያው ገና በእጄ ነበር። ሰው ሁሉ የሚሠራው ነበረው፤ የሚይዝ፣ የሚያርድ፣ የሚገፍ፣ ቅጠል የሚያነጥፍ። በዚያ አገር ሁሉ ላይ ምንም የማይረባ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አመሻሽ ላይ እትዬ ይመኙሻል ቤት ሄድኩ። ድሮኑን ሸጬ በሬ እገዛልሻለሁ አልኳት።

"ተው ልጄ፣ አንተም የምትበላበት ነው" አለችኝ። "የእኔ ገብስ ገና ክምሩ ላይ ነው። እሱን ማን ያበራይልኛል እያልኩ ነው የማስበው።"

ገብሷን ጎረቤቶቿ በደቦ ወቁላት። እህል አዋጡላት፤ እኔም የአቅሜን ያህል ጨመርኩ። የተገዛው ግን በሬ ሳይሆን ወይፈን ነው፤ ለቀንበር እስኪደርስ ብዙ ይቀረው ነበር። ጋሼ ቦራን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጀ። ምን ያድርግ፣ እሱም ማረስ አለበት። በሚቀጥለው የእርሻ ወቅት የእትዬ ይመኙሻልን መሬት እኩል አራሽ ያዘው። የፈራችው ሆነ።

እኔ በጥር ደረስኩ። በድሮን ሰርግ ቀረጽኩ፣ ተመሰገንኩ። አብራሪነቱን አሁን በደንብ አውቀዋለሁ፤ መነሻ ነጥብ የሚባለውን ነገር በተለይ ማንም አይነግረኝም።

ከሰርጎቹ በኋላ ጋሼን ልጠይቅ ስሄድ እትዬ ይመኙሻል አስጠራችኝ። "ያ ነገር ያን ቀን ሲያነሣ ነበር አሉ" አለችኝ። ነበር። ካሜራዋ ሁሉንም ቀርጻለች፤ እኔ ራሴ እስከ መጨረሻው ለማየት አልደፈርኩም።

"ዳማን አሳየኝ።"

ይቅርብሽ ብዬ ለመንኳት፤ አይሆንም አለች። ስልኬን ከፍቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አውድማው ታየ። ዳማና ቦራ ይዞራሉ። ዳማ ገለባ ጎረስ ያደርጋል፣ ይራመዳል፣ ጀርባው በፀሐይ ያበራል።

"እግዜር ከላይ ሲያየን እንዲህ ነን ማለት ነው?" አለች። "ጀርባችን ብቻ?"

አውድማው እየሰፋ መጣ። ገለባው ሊነሣ ሲል እጄን ያዘችኝ።

"እዚህ ጋ አቁምልኝ።"

አቆምኩላት። ጣቴን መስታወቱ ላይ ማሳረፍ ብቻ በቂ ነበር። ዳማ አንድ እግሩን እንዳነሣ፣ አራቱም እግሮቹ ደህና እንደሆኑ፣ ቀጥ አለ። እሷ እያየችው ብዙ ቆየች። እኔ ስልኩን ይዤላት ተቀምጬ አለቀስኩ።

ድሮኗ አሁን ሳጥኗ ውስጥ ናት፤ ዘመኑም ለእሷ አይሆንም። ያንን ያቆምኩላትን ምስል ግን በትልቁ አትሜ ሰጥቻታለሁ፤ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች። ይቅር ብላኛለች፣ ጋሼም ይቅር ብሎኛል። እኔ ግን ቤቷ በገባሁ ቁጥር የምቀመጠው ለፎቶው ጀርባዬን ሰጥቼ ነው።